የዕለቱ ገቢ

በነዳጅ ደረሰኝ ጀርባ፣ ጠርዙ በተቀደደ፣
አጂፕ ተራ ስጠብቅ፣ ቀኑ እየነጎደ፣
ገና ያልመጣ እንግዳ መዘገብኩ በብር፦
ሳፋ፣ ዳይፐር፣ አጎበር፣
ጡጦ፣ ማዘያ፣ አቡጀዲ ሁለት ሜትር፣
ዓይን የማያቃጥል ሳሙና (ሻጩ እንዳለው)፣
ለጅማ ሐምሌ ብርድ ሹራብ፣ ኮፍያ ጆሮ ያለው፤
ከታች ደግሞ በትልቁ፦ የሕፃን ጋሪ፣
ባለአራት ጎማ፣ ከእኔ ባጃጅ ባንድ ተጨማሪ።

ደመርኩት። አልወደድኩትም። ከላይ ወደ ታች ደመርኩ፣
ከታች ወደ ላይ ደግሞ፣ ምናልባት ቢያንስ ብዬ ሞከርኩ።
አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ የለመደ ጣት
ሰባት ሺህ ላይ ሲደርስ ቆጠራው ጠፋበት።
ኪሴ ያለችው ሁለት ሺህ ናት። ከሷም ለአቶ ከሊፋ፣
ለባጃጁ ጌታ፣ ዝናብ ቢጥል፣ ነዳጅ ቢጠፋ፣
አምስት መቶ ገቢ አለ፣ መግሪብ ሳያልፍ።

ማታ መፍቱሃ ተቀበለችኝ፤ በኩል እርሳሷ
መሰረዝ ጀመረች፣ ሳትነሳ ከትራሷ።
«ጋሪ? በእኛ ቁልቁለት?
ዋና ሳይማር ልጄ አዌቱ ሊገባበት?
ጡጦስ ለምን? እኔ የት ሄጄ ነው፣ ሸምሱ?
ዳይፐር ለሌሊት ይሁን፤ ለቀን ሸሚዞችህ አሉ፣ በእጥበት የሳሱ።»
አንዲት መስመር ላይ ግን እርሳሷ ቆመ፦
ለምጥ ሌሊት ኮንትራት መኪና፣ ስምንት መቶ።
«ይቺ አትነካም» አለች፤ «ምጥ ተራ አይጠብቅም፤
በባጃጅ ልወልድ ደግሞ አላገባሁህም።»

ሐሙስ ገበያ ወጣን። ሳፋውን ገልብጣ
ከበሮ እንደሚገዛ ሰው መታችው፣ አዳምጣ፤
«ተሰንጥቋል» አለች። ነጋዴው ማለ።
ስድሳ ብር ወረደ፤ ስንጥቁን እስካሁን ያየ የለ።
ስንመለስ ዝናቡ ሲወርድ ራሷ ላይ ደፋሁት፤
ልጁ ገና ሳይታጠብበት
እናትየው ተጠለለችበት።

እታፈራሁ በአጥር በኩል ፌስታል አቀበለችን፦
አራት ልጅ ያሳደገ ሹራብ፣ አራት ዓይነት ቁልፍ፣
እጅጌው ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የወተት እድፍ።
«የለበሰው ሁሉ ባሥር ወሩ ሄዷል» አለች።
ከዝርዝሩ ሹራብን ሰረዝን፣
ኮፍያዋ ግን ቀረች፤ ኮፍያ ገዛን።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
የኮንትራቱ ሾፌር ስልክ ዝግ።
ደወልኩ። ዝግ። ደወልኩ።
መፍቱሃ በሩ ላይ ቆማ ባጃጁን አየችው፣
እኔን አየችኝ፣
ምንም ሳትል ገባች።
ኮብልስቶኑን ድንጋይ በድንጋይ እየለመንኩ ነዳሁ።
«ቀስ በል» ትላለች። «ፍጠን» ትላለች።
ሁለቱንም ታዘዝኩ።
ድልድዩ ላይ ኮሌታዬን ይዛ
ስፌቱ እስኪተረተር ጎተተች።

ሸነን ጊቤ። ሲነጋ ሴት ልጅ አስታቀፉኝ፣
በአራቱ ልጆች ሹራብ ውስጥ ጠፍታ፣
ፊቷ ብቻ ከጨርቁ ወጥታ።
በቀኝ ጆሮዋ አዛን ስል ስልኬ ጮኸ።
ጨርሼ አነሳሁ። ከሊፋ ነው።
«ትናንት አልመጣህም። ገቢው ስንት ነው?»
«ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ» አልኩት።
ዝም አለ። ሳለ።
«አላህ ያሳድግልህ» አለ፤
«ቅዳሜ የሁለቱን ቀን ታስገባለህ።»

ስምንት መቶዋ ከነእጥፋቷ ኪሴ ናት።
ደረሰኙን አወጣሁ፤ ኩሉን ላብ ነክቶት ተለቅልቋል።
ለልጅ ያልተጻፈ ነገር የለም፤
ለወላዷ ግን ከላይ እስከ ታች
አንዲት መስመር የለችም።
ከነርሷ እስክሪብቶ ተበድሬ፣
ድምፄን ሳላስበው አውጥቼ ጻፍኩ፦
«ለገንፎ፣ ቅቤ፣ አንድ ኪሎ...»

«ግማሽ» አለች መፍቱሃ፣
ዓይኗን ሳትገልጥ።